የደረት አፎት ወይስ የብብት? ከጀርባ ቦርሳ ጋር ሽጉጥ መያዝ

ዳገት_ወጪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሦስት ቀን ለሚፈጅ የእግር ጉዞ የሽጉጥ አፎት ልገዛ ነው፣ ከደረትና ከብብት የቱን እንደምመርጥ ግራ ገባኝ። ወገቤ ላይ እንዳልይዝ የቦርሳው የወገብ ቀበቶ ልክ አፎቱ ቦታ ላይ ያርፋል። ከቀበቶው ሥር ካደረግኩት እጀታው ይሸፈናል፣ ዝቅ ካደረግኩት ደግሞ በየእርምጃው ጭኔን ይመታል።

ዝርዝሩ ይኸው። ቦርሳው ሲሞላ 15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ እኔ ቀኝ እጅ ነኝ። ሽጉጦቹ ሁለት ናቸው፦ ባለ 4 ኢንች አፈሙዝ 357 ማግነም ሪቮልቨር (ጥይቱን በሚዞር ከበሮ የሚይዝ ሽጉጥ፣ ሩገር ጂፒ100) እና ግሎክ 20 (ጥይቱን እጀታው ውስጥ በሚገባ ካዝና የሚይዝ)፣ እያቀያየርኩ ነው የምይዛቸው። ደረቴ ላይ የርቀት መነጽር አንጠለጥላለሁ። መንገዱ ዝናብም ቁጥቋጦም አለው፣ አንዳንድ ቦታ በእጅ ተይዞ የሚወጣ ድንጋይ አለ። ቆዳ ይሻላል ካይዴክስ (በሙቀት የሚቀረፅ ጠንካራ ፕላስቲክ)? ለሁለቱም ሽጉጥ የሚሆን አንድ አፎትስ ይገኛል? የፈቃዱን ጉዳይ ጨርሻለሁ፣ እሱን ተዉት።

ጠፍርና_ዘለበት፦

ቦርሳ ካለ ደረት ነው፤ በዚህ ላይ አልከራከርም። የቦርሳው ጠፍር ከትከሻህ ወርዶ በብብትህ ሥር ወደ ኋላ ይዞራል። የብብት አፎት የሚንጠለጠለውም እዚያው ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ ሽጉጡ ከጎድንህ ጋር ይጣበቃል፣ እጅህን ስትሰድም መጀመሪያ የምትጨብጠው የቦርሳውን ጠፍር ነው። የደረት አፎት ግን ቦርሳው የማይደርስበት ክፍት ቦታ ያገኛል፦ ከላይ የቦርሳው የደረት ማሰሪያ፣ ከታች የወገብ ቀበቶው ዘለበት፣ በመሀል ሽጉጡ።

ልኩን ስታስተካክል ከክብደቱ ተነሳ። ጂፒ100 ባዶውን 1.1 ኪሎ ነው፣ ስድስት ጥይት ሲጎርስ ወደ 1.2 ይጠጋል። ግሎክ 20ም ሙሉ ካዝና ሲገባበት ከ1.1 አያንስም። ይህን ክብደት መሸከም ያለበት በትከሻ የሚያልፈው ጠፍር ነው። በጎድን ዙሪያ የሚሄደው ሥራው አፎቱ እንዳይወዛወዝ መያዝ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አፎቱ ዝቅ ሲልበት የጎድኑን ጠፍር ያጠብቃል፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አፎቱም ትንሽ ቆይቶ መልሶ ይወርዳል። መጀመሪያ የትከሻውን አሳጥርና አፎቱ ቦታውን ይያዝ። ከዚያ ሳንባህን በአየር ሞልተህ የጎድኑን አጥብቅ፤ ሁለት ጣት ተኝቶ ከገባበት በቂ ነው።

ከፍታውን በተመለከተ፣ የእጀታው ጫፍ ከቦርሳው የደረት ማሰሪያ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ይበል። ሽጉጡ ከፍርምባህ በታች በሰያፍ ይተኛ፣ አፈሙዙ ወደ ግራ ጎድንህ ታች ይይ። ከፍ ካለ ክርንህ ወደ ኋላ የሚሄድበት ስለሚያጣ ሽጉጡ ግማሽ ወጥቶ ይቀራል። ዝቅ ካለ ደግሞ ጉልበትህን ባነሳህ ቁጥር ጭንህ አፈሙዙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ለባለ 4 ኢንች ይህ ብዙም አያሳስብም። 6 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ሪቮልቨር ግን ስትቀመጥ ጭንህ ላይ ስለሚያርፍ ይበልጥ አግድም ማስተኛት ግድ ነው።

አፎቱን ከቦርሳው በፊት ትለብሳለህ፣ ቦርሳው ከላዩ ይመጣል። ቦርሳህን ስታወርድ ሽጉጡ አንተው ላይ ይቀራል። በቦርሳው የትከሻ ጠፍር ላይ የሚንጠለጠል ዓይነትም ይሸጣል፤ ላብ አይዝም፣ ቀለል ይላል፣ ግን ቦርሳህን ዛፍ ሥር አኑረህ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሽጉጡንም ጥለኸው ሄድክ ማለት ነው። አልመክረውም።

ከቦርሳ ሥር ሲለበስ ችግር የሚያመጡት ዘለበቱና ርዝመት ማስተካከያው ናቸው። ማስተካከያው ትከሻህ አናት ላይ ከዋለ የ15 ኪሎው ቦርሳ ወደ ሥጋህ ይጫነዋል፣ ሁለት ሰዓት ሳትሄድ ይሰማሃል። ወደ ፊት አውርደው፣ ከትከሻ አጥንትህ በታች ይዋል። ጀርባ ላይ ጠፍሮቹን የሚያገናኝ ቁራጭ ካለም ጠፍጣፋና ለስላሳ መሆኑን እይ፤ ደረቅ ፕላስቲክ ከሆነ በቦርሳውና በጀርባ አጥንትህ መሀል ሆኖ ይፈገፍግሃል። ጠመንጃም በቀኝ ትከሻህ የምታነግት ከሆነ ዋናው ጠፍር በግራ ትከሻ የሚያልፍበትን ሥሪት ምረጥ። ከሁሉም በፊት ግን ሽጉጡን ባዶ አድርገህ፣ ወፍራም ጃኬትህን ለብሰህ፣ ቦርሳውን በሙሉ ክብደቱ ተሸክመህ ቤት ውስጥ ጎንበስ፣ ተንበርከክ፣ ወንበር ላይ ውጣ። በቲሸርት የተለካ አፎት በጃኬት ላይ ልኩ ሌላ ነው።

ኢላማ_ጠባቂ፦

በቦርሳው ነገር ከጠፍርና_ዘለበት ጋር ነኝ። የብብት አፎትን ግን እንዲህ በአንድ ቃል መጣል ልክ አይመስለኝም። ቦርሳ በሌለበት፣ ፈረስ ወይም ጀልባ ላይ፣ መኪና ውስጥ ረጅም ሰዓት ሲቀመጡ ከደረቱ ይሻላል፣ ሆድና ደረትን ነፃ ይተዋል። ብርድ ባለበት ደግሞ ጃኬት ሥር ስለሚውል ሽጉጡ ደረቅ ሆኖ ይቆያል፣ በረዶም አይይዘውም። አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ በጃኬት የተሸፈነ ሽጉጥ በብዙ አገር ሕግ የተደበቀ መሣሪያ ተብሎ ይቆጠራል፣ ፈቃድህ በግልጽ ለመያዝ ብቻ ከሆነ አይሸፍንህም።

የብብት አፎት ሁለት ዓይነት ነው። አግድሙ አፈሙዙን ወደ ኋላ ያዞራል፣ ለ4 ኢንችና ከዚያ በታች ይሆናል። ከዚያ የረዘመ ሲሆን ጫፉ ከጀርባ ሾልኮ ይወጣል። ቀጥ ብሎ የሚወርደው ለረጅም አፈሙዝ ነው፣ ግን ሽጉጡ ጨርሶ እስኪወጣ ክንድህ ብዙ ወደ ላይ መሄድ አለበት። የአግድሙ ችግር ከምቾት ያለፈ ነው፤ በቀጭን መንገድ ተከታትላችሁ ስትሄዱ አፈሙዙ ከኋላህ ያለውን ሰው ያያል። ብዙ ሆኖ ለሚሄድ ሰው ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ከገዛህ ሚዛኑን አትርሳ። በግራ ብብት 1.1 ኪሎ ተንጠልጥሎ በቀኝ ምንም ከሌለ ጠፍሩ ቀኑን ሙሉ አንገትህን ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ለዚህ ነው በሌላው ጎን ሁለት ካዝና የሚንጠለጠለው፤ የግሎክ 20 ሁለት ሙሉ ካዝና ከ600 ግራም በላይ ነው፣ ጎተታውን በደንብ ይቀንሰዋል። የአፎቱ ታች በትንሽ ጠፍር ከሱሪ ቀበቶ ጋር መታሰር አለበት። ካልታሰረ ሽጉጡን ስትስብ አፎቱም ተከትሎ ይመጣል፣ ባንድ እጅ ማውጣት አትችልም። ያ ጠፍር የሚታሰርበት ቦታ ደግሞ የቦርሳህ የወገብ ቀበቶ የሚጫነው ቦታ ነው፤ ለአንተ ጉዳይ እዚህ ላይ አበቃ።

ስለ ደረቱ አንድ ልጨምር። ከደረት ላይ ሁለቱም እጅ ይደርሳል። ወድቀህ በቀኝ ክንድህ ላይ ብትተኛ በግራህ እጀታውን አዙረህ መሳብ ይቻላል፤ ከግራ ብብት በግራ እጅ ማውጣት ግን ለብዙ ሰው የማይሆን ነገር ነው። በግራ መሳብን ያለ ጥይት ተለማመደው፣ ምክንያቱም እጅህ ሲጣመም ጣትህ ሳታስበው ወደ ምላጩ ይሄዳል።

ቆዳ_ሰፊ፦

ወደ ቆዳና ካይዴክስ ልግባ።

ቁጥቋጦና ዝናብ ላለበት ለግሎኩ ካይዴክስ ውሰድ። ውኃ አይጠጣም፣ ሲረጥብ ቅርፁ አይለወጥም፣ ቆሻሻ ከገባበት በውኃ ታጥቦ ይደርቃል። ጉዳቱ አሸዋ ነው፤ ደቃቅ አሸዋ በውስጡ ከቀረ ባወጣህና ባስገባህ ቁጥር የስላይዱን (የሽጉጡን ተንሸራታች የላይኛ ብረት) ቀለም ይፍቃል። በፀሐይ የተዘጋ መኪና ዳሽቦርድ ላይ አትተወው፣ ሙቀት ያለሰልሰዋል፣ ሲቀዘቅዝም እንደተጣመመ ይቀራል።

የካይዴክስን ጥብቀት የሚወስነው ከምላጩ ቀለበት አጠገብ ያለው ቪቴ ነው፣ በሥሩ የጎማ ሮንዴላ አለው። ስታጠብቀው ጎማው ይጨመቅና ሁለቱ የአፎቱ ገጾች ይቀራረባሉ። በእግር ጉዞ ንዝረት ይህ ቪቴ ቀስ እያለ ይላላል፤ አንድ ቀን ሽጉጡ ሳትፈልገው ይወጣል። ልኩን ካገኘህ በኋላ ከቪቴው ራስ ተነስቶ ወደ ፕላስቲኩ የሚያልፍ አንድ ቀጭን መስመር በጥፍር ቀለም አስምር። መስመሩ ከተቆረጠ ቪቴው ዞሯል፣ ካቻቢቴ አምጣ። የብሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ የምትጠቀም ከሆነ ሰማያዊውን፣ አንድ ጠብታ፣ ብረቱ ጥርስ ላይ ብቻ፤ አንዳንዱን ፕላስቲክ ስለሚሰነጥቅ አፎቱ ላይ አታፍስሰው።

ለሪቮልቨሩ ቆዳ አያሳፍርም። ክብ ከበሮውን በደንብ ያቅፋል፣ ድምፅ አያሰማም፣ ሲነካ አይቀዘቅዝም። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ በዕፅዋት የተለፋ ይሁን። አዲስ ሲሆን ይጠብቃል፤ ባዶውን ሽጉጥ በቀጭን የላስቲክ ከረጢት ጠቅልለህ አስገባና አሳድረው፣ በማግስቱ ላላ ብሎ ታገኘዋለህ። ዘይት ነክረህ ለማለስለስ አትሞክር፣ ለዘለቄታው ይላላል። ሲረጥብብህ በጥላ፣ በክፍል ሙቀት አድርቀው። እሳት ዳር ያደረቅከው ቆዳ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ሽጉጥህም አይገባበትም።

ቆዳ ላብና እርጥበት ይዞ ይቆያል፣ የደረት አፎት ደግሞ ላብህ ላይ ነው የሚውለው። ማታ ሽጉጡን አውጥተህ ለብቻው አኑር፣ በዘይት ጨርቅ ጥረገው፤ በአፎቱ ውስጥ ካከማቸኸው ከማይዝግ ብረት የተሠራው እንኳ ነጠብጣብ ሊያወጣ ይችላል። በቆዳ ቀበቶ ላይ የሚሰኩ ጥይቶችም ቀፎአቸው ቀስ በቀስ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ ቆዳው ከተለፋበት አሲድ የተነሳ ነው። ያ የወፈረበት ጥይት ከበሮው ውስጥ ሳይገባ ይቀራል፣ ለዚህ ጥይቱን በናይለን መያዣ ያዝ።

ለሁሉም ሽጉጥ ይሆናል የሚባለውን ለስላሳ የናይለን አፎት ተወው። ሽጉጡ ሲወጣ አፉ ይከደናል፣ ስትመልሰው በሌላ እጅህ መክፈት ይኖርብሃል፣ ያ እጅ ደግሞ አፈሙዝ ፊት ነው። ጨርቁም ወደ ምላጩ ይታጠፋል። ለሁለቱ አንድ አፎት የሚለው ጥያቄህ መልሱ ይኸው ነው። እንኳን ሪቮልቨርና ግሎክ፣ ለግሎክ 17 የተቀረፀ ካይዴክስ ግሎክ 20ን አይቀበልም፣ የ20ው ስላይድ ሰፋ ያለ ነው። ለግሎክ 21 የተሠራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለ20ም ይሆናል። ሬድ ዶት (ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) ወይም መብራት ልትገጥም ካሰብክ ከመግዛትህ በፊት ግጠም፣ አፎቱ ለእነሱ ቦታ ተትቶለት መቀረፅ አለበት።

ዳገት_ወጪ፦

እጅግ አመሰግናለሁ። ደረት ላይ ቆረጥኩ። ጠፍሩን አንድ አድርጌ ሁለቱን አፎቶች ማቀያየር ይቻል ይሆን? መነጽሩንስ የት ላድርገው? ዝናብ ሲመጣስ የዝናብ ልብሱ ከላይ ነው ከታች?

ጠፍርና_ዘለበት፦

ጠፍሩን ከአፎቱ የሚያገናኙት ብሎኖች ወይም ዘለበቶች ቀዳዳቸው ከተገጣጠመ ይቻላል፣ ከአንድ ሠሪ ከገዛሃቸው ብዙውን ጊዜ ይገጥማል። የጠፍሩን ልክ ግን ለእያንዳንዱ ለየብቻ አስተካክልና ማስተካከያው የቆመበት ላይ በቀለም ምልክት አድርግ፣ የሁለቱ ከፍታ እኩል አይሆንም።

መነጽሩን ከፍ አድርገው። የመነጽሩ ማቀፊያ ታች ከእጀታው በላይ ቢያንስ አንድ ጭብጥ ክፍት ቦታ ይተው፣ አለዚያ ሽጉጡን ስትጨብጥ አውራ ጣትህ ማቀፊያውን ይመታል። ቁመትህ አጭር ሆኖ ሁለቱ ደረትህ ላይ ካልበቁ መነጽሩን በቦርሳው ግራ ጠፍር ላይ በጎን አንጠልጥለው። ቦታውን የሚለቀው መነጽሩ ነው። የድብ መከላከያ ርጭት የምትይዝ ከሆነም ደረትህ ላይ አትጨምረው፣ የወገብ ቀበቶው ላይ በግራ ይሁን።

ለዝናቡ ሁለት መንገድ አለ። አፎቱን ከዝናብ ልብሱ በላይ ብትለብሰው በቶሎ ትደርስበታለህ፣ ይረጥባል፣ የግሎኩ ግን ካይዴክስ ነው፣ ማታ ትጠርገዋለህ። ከሥር ከሆነ ዚፑ ከታችም ከላይም የሚከፈት ጃኬት ያስፈልግሃል። ዚፑን ከታች እስከ ፍርምባህ ክፍት ትተወዋለህ፣ ከላይ ግን የተዘጋ ይሆናል፤ የቦርሳው ወገብ ቀበቶ ጃኬቱን ስለሚይዘው ብዙም አይበረግድም። እኔ ከላይ ማድረጉን ነው የምመርጠው። እርጥብ ጓንት አድርጎ ዚፕ መክፈት በቤት ሲሞክሩት ቀላል ይመስላል።

አንድ_መንገደኛ፦

ስለ አለባበስ ብዙ ተባለ፣ ስለ አወጣጥና ስለ መመለስ ግን ማንም አላነሳም። አደጋው በብዛት ያለው ሲመለስ ነው።

ስታወጣ ግራ እጅህ ጭብጥ ሆኖ ከግራ ጡትህ በላይ ደረትህ ላይ ተጣብቆ ይቆይ። አፈሙዙ ወደ ግራህ ታች ስለተኛ ግራ ክንድህን ዘርግተህ ከቆየህ ሽጉጡ ክንድህን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ሽጉጡ አፈሙዙ በሚያይበት መስመር ተስቦ ከአፎቱ ከወጣ በኋላ ወደ ፊት ይዞራል፣ ግራ እጅህ የሚገናኘው ከዚያ ወዲያ ነው። ጣትህ እስከዚያ ድረስ ከምላጩ ውጪ ቀጥ ብሎ ይቆይ። ሽጉጡን ከመንካትህ በፊት በግራህ ማን እንዳለ እወቅ፤ ደረት ላይ ያለ ሽጉጥ ከጎንህ ከተቀመጠው ሰው እግር ጋር የሚተያይበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስትመልስ መቸኮል የለም፣ ዓይንህም አፎቱ ላይ ይሁን። ሪቮልቨር ከሆነ አውራ ጣትህን ከኋላ መዶሻው (ምላጩ ሲሳብ ወደ ኋላ የሚነሳው ብረት) ላይ አድርግ፤ አንዳች ነገር ምላጩን ቢጎትት መዶሻው ጣትህን ሊያነሳ ሲል ይሰማሃል፣ ታቆማለህ። ግሎክ ይህ የለውም፣ ስለዚህ አፎቱ አፍ ላይ ምን እንዳለ ማየት ግዴታ ነው። ከሁሉ የሚከፋው የጃኬት ማሰሪያ ገመድ ነው፣ ጫፉ ላይ የፕላስቲክ መቆለፊያ ያለችው። ዝቅ ብላ አፎቱ ውስጥ ትገባና የምላጩ ቀለበት ውስጥ ትሰካለች፣ ሽጉጡን ወደ ታች ስትገፋው ምላጩን ትስብልሃለች። በዚህ ዓይነት የተተኮሱ ጥይቶች ትንሽ አይደሉም። የአንገትና የወገብ ገመዶችን ቁረጥ ወይም ወደ ውስጥ አስገብተህ ስፋ። የሪቮልቨሩ አፎት ላይ በአውራ ጣት የሚፈታ ማሰሪያ ካለም እንደዚያው ታጥፎ እንዳይገባ በብረት ወይም በፕላስቲክ የተደረቀ መሆኑን እይ።

ማሰሪያ ያስፈልጋል ወይ ካልክ፣ ቁጥቋጦ ካለ አዎ። ጥብቀቱን ለመፈተን ሽጉጡን ባዶ አድርግ፣ ካዝናውን አውጣ፣ ጥይት የሚጎርስበትን በዓይንህም በጣትህም እይ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል አኑር። ከዚያ አፎቱን አልጋ ላይ ገልብጠህ አራግፈው። በማሰሪያው ብቻ ተይዞ የሚቀር ከሆነ አልበቃም፣ ማሰሪያውን ፈትተህም መውደቅ የለበትም። ቀጥለህ ለብሰኸው ሳብ፤ ሽጉጡ ከመውጣቱ በፊት አፎቱ ወደ አገጭህ ከመጣ ቪቴው ከልክ በላይ ጠብቋል ወይም የጎድኑ ጠፍር ላልቷል። ሁለቱንም ባንዴ አትንካ፤ መጀመሪያ ጠፍሩን አጥብቀህ ሞክር፣ ካልሆነ ቪቴውን ሩብ ዙር መልስ።

ዳገት_ወጪ፦

የዝናብ ልብሴ የወገብ ገመድ ልክ አፎቱ አፍ ላይ ነው የሚወድቀው፣ አሁን ለብሼ አየሁት። ገመዱ የሚያልፍበት ስፌት ጫፉ ላይ ክፍት ነው፣ ገመዱን ጨርሼ ባወጣው ጃኬቱ ችግር ይኖረዋል?

አንድ_መንገደኛ፦

ምንም አይሆንም፣ የቦርሳው ቀበቶ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ቀዳዳዎቹን ብቻ ከውስጥ በኩል ውኃ በማያስገባ ፕላስተር ዝጋቸው። የኮፍያውን ገመድም እይ፣ ኮፍያው ወደ ኋላ ሲጣል ጫፎቹ በደረት በኩል የሚወርዱ ከሆነ እጀታው ላይ ነው የሚያርፉት።